ኳሷን ያላየንበት ጸደይ

ሣር ታጭዶ ወዲያው ውኃ ሲጠጣ የሚሰጠው ሽታ አለ፤ ግማሹ መራራ፣ ግማሹ ጣፋጭ ነው። ባለፈው መጋቢት ከሥራ ስመለስ መብራት ይዞኝ ቆሜ ሳለ ይህ ሽታ በመኪናዬ መስኮት ገባ። ቀና ብዬ ሳይ ከዩኒቨርሲቲው የልምምድ ሜዳ አጥር አጠገብ ነበርሁ። አጥሩ ዛሬ ከውጭ ማንም እንዳያይ በአረንጓዴ ሸራ ተሸፍኗል። ሸራው ግን ድምፅ አይከለክልም። ፊሽካ ተነፋ፤ ከዚያም ትከሻ ከትከሻ ሲጋጠም የሚወጣው፣ የእህል ጆንያ ከጭነት መኪና ወደ መሬት ሲወረወር የሚመስለው ድምፅ ተሰማ። መብራቱ በርቶ ከኋላዬ ያለው ሰው ጥሩምባ እስኪነፋብኝ ድረስ አልተንቀሳቀስሁም። ዐሥር ዓመት በሞላኝ ጸደይ፣ አጥሩ ገና ሸራ ሳይለብስ፣ ጣቶቼን በሽቦው ቀዳዳ አስገብቼ የቆምሁበት ቦታ ከዚያ ብዙ አይርቅም።

በዚያ ዓመት እናቴ ሎንግ ቢች ባለ ሆስፒታል ትሠራ ነበር፤ ቤት የምትገባው ከመሸ ነው። ከትምህርት ቤት የሚያመጣኝ ሰው ስላልነበረ ኃላፊነቱ የወደቀው በታችኛው ፎቅ ጎረቤታችን በጋሼ መኰንን ላይ ነበር። ጋሼ መኰንን ዌስትቼስተር ካለ ሆቴል ወደ አውሮፕላን ማረፊያው እንግዳ የሚያመላልስ አነስተኛ አውቶቡስ ይነዳሉ፤ ተራቸው የሚጀምረው ማምሻውን ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ሥራ አልነበራቸውም። አገር ቤት ሳሉ ጂኦግራፊ ያስተምሩ ነበር። ከአስተማሪነታቸው የቀራቸው ክራባታቸውና፣ አንድ ነገር ሲያስረዱ እጃቸውን ጠመኔ እንደያዘ ሰው ወደ ላይ የማንሣት ልማዳቸው ነበር።

ሰፈራችን ያን ጊዜ ዛሬ የሚጠራበትን የአገራችንን ስም ገና አላገኘም ነበር። ፌርፋክስ በተባለው ጎዳና ላይ ፊት ለፊት የሚተያዩ ጥቂት ምግብ ቤቶች፣ አንድ የቅመማ ቅመም ሱቅና ከሱቁ ደጃፍ የማይጠፉ ጨዋታ ዐዋቂዎች ነበሩን። ጋሼ መኰንን ግን ከትምህርት ቤት ሲያመጡኝ እዚያ አይቆሙም። በየካቲት መጨረሻ አንድ ቀን መኪናቸውን በቀጥታ ወደ ዩኒቨርሲቲው ነዱ፤ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ታጣፊ ወንበራቸውን አውጥተው ከአጥሩ ሥር ዘረጉ፤ ለእኔም የመጽሐፍ ቦርሳዬን እንደ በርጩማ አስተካክለው ሰጡኝ። የዩኒቨርሲቲው የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን የጸደይ ልምምድ የተጀመረበት ቀን ነበር።

ጋሼ መኰንን የዚህ ቡድን ወዳጅ መሆናቸውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የማያውቀው ምክንያቱን ነበር። በመከር ስታዲየሙ ሞልቶ ሲጮህ፣ ሰው ሁሉ በቴሌቪዥን ሲያይ፣ እሳቸው ሬዲዮ እንኳ አይከፍቱም። የሚመጡት በጸደይ ነው፤ ተጋጣሚ በሌለበት፣ ውጤት በማይመዘገብበት፣ ተመልካቹ እሳቸውና አንዳንድ ጡረተኛ በሆነበት ወቅት። ስለዚህ ነገር ሲቀልዱባቸው የሚሰጡት መልስ ሁልጊዜ አንድ ነበር።

«ሠርጉን ሁሉም ያያል። እኔ የምወደው ድግሱ ሲደገስ ማየት ነው።»

መጀመሪያ ቀን ያየሁትን በቃላት ማስተካከል ዛሬም ይቸግረኛል። እንዲህ ያሉ ትልልቅ ሰዎች አይቼ አላውቅም ነበር። ትከሻቸው ከራሳቸው በላይ የተነሣ፣ ፊታቸው ከብረት ፍርግርግ በስተኋላ የተሰወረ፣ ሲሮጡ መሬቱ በቦርሳዬ በኩል እስከ አጥንቴ የሚነዝር ፍጥረታት ነበሩ። ፊሽካ ሲነፋ ሁለት ረድፍ ሆነው ይጋጠማሉ፤ ሌላ ፊሽካ ሲነፋ የወደቀውን የጣለው ሰው እጁን ይዞ ያነሣዋል። ሁለቱም ረድፍ የአንድ ትምህርት ቤት ልጆች ናቸው መባሉ አስጨነቀኝ። በአንድ ቤት ልጆች መካከል ይህን ያህል ጠብ ካለ ወላጆቻቸው የት ሄደዋል ብዬ ጠየቅሁ። ጋሼ መኰንን ጠብ እንዳልሆነ፣ በመከር ሌላ ሰው እንዳይጥላቸው አሁን እርስ በርሳቸው እየተጣጣሉ መሆኑን አስረዱኝ። በግማሽ ልቤ አመንኋቸው።

ሙሉ በሙሉ ያላመንኋቸው ስለ ቀይ ሸሚዙ ነበር። ከሁሉም መካከል አንድ ልጅ ብቻ ቀይ ለብሷል። የተቃራኒው ረድፍ ሰዎች ሌላውን ሁሉ ጥሰው ወደ እሱ ሲደርሱ በድንገት እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው፣ ልብሱን እንኳ ሳይነኩ ያልፉታል። አሜሪካ ከመምጣታችን በፊት በጥምቀት ታቦት ለተሸከመ ቄስ ሕዝቡ መንገድ ሲለቅ አይቼ ነበር፤ ስለዚህ ነገሩን ለመረዳት ጊዜ አልወሰደብኝም።

«ጋሼ፣ ምን ተሸክሞ ነው?»

«ኳስ ነዋ።»

ስለ ቅዱስ ነገር ለልጅ ሁሉን አይነግሩም ብዬ ተውሁት። በኋላ ኳርተርባክ እንደሚባል፣ ኳሷን የሚያከፋፍለው እሱ መሆኑን፣ በልምምድ ጉዳት እንዳይደርስበት ቀይ የሚያለብሱት መሆኑን ነገሩኝ። ሆኖም በዚያ ጸደይ ሁሉ ባየሁት ቁጥር ከመቀመጫዬ ብድግ እል ነበር።

እኛ ግን እሱን ልናይ አልመጣንም። ጋሼ መኰንን በዚያ ዓመት የሚመጡበት ሌላ ምክንያት አግኝተው ነበር። ጠመኔ እንደያዘ ሰው እጃቸውን አንሥተው ወደ መስመሩ መካከል አመለከቱ።

«ኳሷን ተዪያት፣ ራሒ። እሷን የሚያይላት ሞልቷል። አንቺ ዳዊትን እዪ።»

ዳዊት የእትዬ ብርቄ ልጅ ነው። እትዬ ብርቄ ፌርፋክስ ካሉት ምግብ ቤቶች በአንዱ ወጥ ቤቱን የሚመሩ፣ አጭር፣ ቀጭን፣ ነጠላቸው ከራሳቸው የማይወርድ ሴት ነበሩ፤ ከእሳቸው ያን የሚያህል ልጅ እንዴት እንደወጣ ሰፈሩ ተገርሞ አያባራም። ዳዊት በበር ሲያልፍ አንገቱን ይሰብራል፤ ምግብ ቤት ሲገባ ወንበሩን አስቀድሞ በእጁ ጫን ብሎ ይፈትነዋል። ከቅመም ሱቁ ደጃፍ የሚቆሙት ሰዎች በሩጫ ከታወቀ አገር ተወልዶ መግፋት መምረጡን እያነሡ ይቀልዱበት ነበር። የቡድን ጓደኞቹ ቀልድ ደግሞ ሌላ ነው። ያን ጊዜ አሜሪካውያን አገራችንን የሚያውቋት በቴሌቪዥን ባዩት ረኀብ ነበር። ዳዊት ከየት እንደመጣ ሲነግራቸው ከእግር እስከ ራሱ አይተው፣ «አሃ፣ የሁሉንም በልተህ የጨረስኸው አንተ ነህ እንዴ?» ብለውት እንደነበር እየሣቀ ነገረን። ጋሼ መኰንን አልሣቁም። ዳዊትም ሣቁን ቶሎ ጨረሰ።

ሥራው በመስመሩ ላይ ቆሞ ወደ ቀይ ሸሚዙ የሚመጣውን ሰው ማገድ ነው። ኳስ አይሰጠውም፤ ኳስ አይዝም፤ ጨዋታው በደንብ ከሄደ ስሙ አይጠራም። ደግሞም ዳዊት ተጠርቶ የመጣ አልነበረም። ሌሎቹን ቡድኑ ከየትምህርት ቤታቸው መርጦ ወስዷቸዋል፤ እሱ ተማሪ ሆኖ ከገባ በኋላ ልሞክር ብሎ ለምኖ ነው የተቀበሉት። የእሱ ዓይነቶቹ ጀርባቸው ላይ ቁጥር እንጂ ስም አይጻፍላቸውም። በጸደዩ መጨረሻ ቅዳሜ ቡድኑ ለሁለት ተከፍሎ ሕዝብ እያየ ይጋጠማል፤ ለመከር ማን እንደሚቀር አሠልጣኙ የሚወስነው ያን ቀን ነው። ለዳዊት አስቀድሞ የነገረው አንድ ነገር ነበር፤ ያቺ ቅዳሜ እስክትደርስ ክብደቱ እንዳይቀንስ። ከቀነሰ፣ ከሚያግዳቸው ሰዎች ፊት መቆም አይችልም፤ ለእሱም ለሌላውም አደጋ ነው።

እናቱ ደግሞ ሌላ ነገር ነግረውት ነበር። የዐቢይ ጾም ከልምምዱ ጋር አብሮ ገባ። እትዬ ብርቄ ጨዋታውን አልወደዱትም፤ በጾም ሰው መማታት ምን ይባላል ብለው ነበር። ጋሼ መኰንን ልጁ እንደማይመታ፣ እንደሚያግድ ብቻ ምለው ተገዘቱላቸው። በመጨረሻ ዳዊት እንዲጫወት ፈቀዱ፤ ጾሙን እንዳይፈታ ግን ቃል አስገቡት። የንስሐ አባታቸውም ጉዳዩን ሰምተው ሰዓቱን ፈቱለት፤ ከጠዋት ጀምሮ መብላት ይችላል። ምግቡን ግን አልፈቱለትም። ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ ዕንቁላል የለም። እነሆ ያ ግዙፍ ልጅ በሁለት ቃል መካከል ቆመ፤ አንዱ ወደ ታች፣ ሌላው ወደ ላይ የሚስበው።

ደብረ ዘይት ሳይደርስ ሱሪው ሰፋው።

ከመልበሻ ክፍሉ በር ውስጥ ሚዛን ቆሞ ነበር። በሩ ሲከፈት ከአጥሩ ሥር ይታየን ስለነበር በሳምንቱ መጨረሻ ተጫዋቾቹ አንድ በአንድ ሲወጡበት አይ ነበር። አሠልጣኙ፣ አንገቱ ከራሱ የሚወፍር፣ ፀሐይ ያቀላው ሰው፣ እጁን አጣምሮ ከጎን ይቆማል። እዚህ ላይ የሠራሁትን ስሕተት ጋሼ መኰንን ለዓመታት ለሰው ሲያወሩት ኖረዋል። በቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ ቅዱስ ሚካኤል በአንድ እጁ ሰይፍ፣ በሌላው ሚዛን ይዞ የሚታይበት ሥዕል ነበር፤ በሚዛኑ የሚመዘነው የሰው ኃጢአት መሆኑን የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪያችን ነግራናለች። ዳዊትም በጾም ወራት ሲመዘን ሳይ ሌላ ነገር ላስብ አልቻልሁም። አሠልጣኙ የሚዛኑን ልክ አይቶ ራሱን ሲነቀንቅ፣ ዳዊትም አቀርቅሮ ሲወርድ ግን ነገሩ ተምታታብኝ።

«ጋሼ፣ ሲቀልል ለምን ይቆጡታል? የሚከብደው ኃጢአት አይደል?»

ጋሼ መኰንን አፋቸውን በክራባታቸው ሸፍነው ወንበራቸው እስኪንገጫገጭ ሣቁ። ከዚያ ሣቃቸው ቀስ ብሎ ጠፋ። የዚያን ዕለት ሲመለሱ ከምግብ ቤቱ በጓሮ በር ገብተው ከእትዬ ብርቄ ጋር ተማከሩ።

ከዚያ በኋላ ሰፈሩ የዳዊት ሞግዚት ሆነ። የቅመም ሱቁ ባለቤት ለውዝ ይልክለታል፤ ፊት ለፊት ያለው ምግብ ቤት በዘይት የረሰረሰ ሽሮ አስቀምጦ ይጠብቀዋል፤ እናቴ ከሎንግ ቢች ስትመለስ አቮካዶ በሳጥን ታመጣለታለች። ከሱቁ ደጃፍ የቆሙት ቀልደኞች ሳይቀሩ ሲያልፍ ሲያገድም «በላህ?» ይሉት ነበር። እሱም እየጎረሰ ያልፋል። የሚዛኑ መውረድ ቀነሰ፤ ግን አልቆመም። ያቆመው ጋሼ መኰንን ከአዳሪ ተማሪነታቸው ዘመን ያስታወሱት በሶ ነው። እትዬ ብርቄ በእረፍት ቀናቸው ገብስ ቆልተው ፈጩ፤ ሽታው የሕንፃችንን ደረጃ እስከ ላይ ሞላው። ዳዊት ዱቄቱን በስስ ከረጢት አድርጎ በቦርሳው ይይዛል፤ ከልምምድ በፊትና በኋላ በውኃ በጥብጦ፣ አንዳንዴም አድርቆ ጨብጦ ይውጠዋል።

መጀመሪያ የቀመሰ ዕለት ከአጥሩ ወዲያ ሆኖ ከጉሮሮው ጋር ሲታገል አየነው።

«ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርህ? ይሄ ሲሚንቶ ነው።»

ጋሼ መኰንን አንተ መባላቸውን እንዳልሰሙ ሆነው፣ «ሲሚንቶም ቢሆን ቤት የሚቆመው በሱ ነው፤ ዋጥ» አሉት።

በዚያው ሰሞን ያየሁት ነገር ከሁሉ ይልቅ በዓይኔ ቀርቷል። ከሜዳው ዳር ከፊቱ ሰው የሚያህል ትራስ የታሰረበት ከባድ የብረት መንሸራተቻ ነበር። አሠልጣኙ ከላዩ ይወጣና ተጫዋቾቹ ጎንበስ ብለው በትከሻቸው ይገፉታል። መጀመሪያ ያየሁት ዕለት መኪናው ጭቃ ውስጥ የተያዘበት መስሎኝ፣ አስተዳደጋቸው የተመሰገነ ልጆች ናቸው ብዬ ነበር። ብዙውን ጊዜ ለአምስት ሆነው ነው የሚገፉት። ያን ቀን ሌሎቹ ሲበተኑ ዳዊት ብቻውን ቀረ። አሠልጣኙ ሊወርድ እግሩን ካነሣ በኋላ ዳዊት ሲቀርብ አይቶ መልሶ ቆመ። ዳዊት ጎንበስ አለ። ለጊዜው ምንም አልሆነም፤ እግሩ ሥር ሣሩ ተገልጦ ጥቁሩ አፈር ታየ። ከዚያ ብረቱ አቃሰተ። በጣም በቀስታ፣ መርከብ ከወደብ እንደሚለቀው፣ አሠልጣኙን ከነፊሽካው ተሸክሞ ተንቀሳቀሰ፤ ቆሞም አልቀረም። ከሜዳው ወዲያ የጃካራንዳ ዛፎች ማበብ ጀምረው ነበር፤ ቀና ስል ሐምራዊው ቀለም፣ ዝቅ ስል ያ ጀርባ። ጋሼ መኰንን ከወንበራቸው ተነሥተው ኮፍያቸውን አወለቁ። በአስኳላ ልጅነቴ የሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት መስሎኝ እኔም ተነሥቼ ቀጥ ብዬ ቆምሁ።

ሰሙነ ሕማማት ሲገባ እትዬ ብርቄ ልጃቸውን ጠርተው የመጨረሻውን ነገሩት። ከሐሙስ ማታ ጀምሮ እስከ ትንሣኤ ሌሊት እህል ውኃ ሳይቀምሱ መቆየት፣ አክፍሎት፣ በቤታቸው የቆየ ልማድ ነው። የመጨረሻዋ ቅዳሜ ግጥሚያ የዋለችው ደግሞ በዚሁ መካከል፣ በቀዳም ሥዑር ነበር። ዳዊት ጨዋታውን ሊተወው አስቦ እንደነበር በኋላ ለጋሼ መኰንን ነግሯቸዋል። እናቱ ግን አክፍሎቱን አልጠየቁትም። ወጥ ቤቱ ውስጥ ቆመን ሳለን፣ እጃቸውን በሽርጣቸው እያደራረቁ እንዲህ ሲሉት ሰማሁ።

«አንተ የተሰጠህን ብላ። የአንተን እኔ እይዝልሃለሁ።»

ቅዳሜ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ካህናቱ ቄጠማ አደሉን፤ እንደ ልማዱ በራሳችን ዙሪያ አሰርነው። ከወዴት ረግረግ እንደተቆረጠ አላውቅም፤ እርጥብ ነበር፣ ግማሹ መራራ ግማሹ ጣፋጭ ይሸት ነበር። እትዬ ብርቄ እስከ ሌሊቱ ቅዳሴ እዚያው ሊቆዩ ከዓምድ ሥር ተቀመጡ። ልምምዱን አንድ ቀን እንኳ መጥተው አላዩም፤ ያን ቀንም የማየት ሐሳብ አልነበራቸውም። እኔና ጋሼ መኰንን ከነቄጠማችን ወደ ሜዳው ሄድን።

ዳዊት ከአጥሩ አጠገብ በተራ ልብሱ ቆሞ ጠበቀን። ሌሎቹ የትከሻ መከላከያቸውን ለብሰው እየተሟሟቁ ነበር። የሆነውን በሁለት ቋንቋ እየቀላቀለ ነገረን። ጠዋት ተመዝኖ ክብደቱ ሞልቶ ተገኘ፤ እንዲያውም በልምምዱ መጀመሪያ ከነበረው አልፏል። ሥጋ እንደማይበላ የሚያውቁት ረዳት አሠልጣኞች በምን ወፈረ፣ የተከለከለ መድኃኒት ይወስድ ይሆን ብለው ተጠራጠሩ። ቦርሳው ተፈተሸ። ጽሕፈት በሌለው ከረጢት ውስጥ ቡናማ ዱቄት ተገኘ።

«ፉድ ነው አልኋቸው። ከረጢቱ ላይ ምንም አልተጻፈም አሉኝ። ምን እንደሆነ ቼክ እስኪያደርጉ አትለብስም አሉኝ። ቼክ የሚያደርጉት ደግሞ ሰኞ ነው።»

እስከ ሰኞ ምርጫው ያልቃል። ጋሼ መኰንን መኪናቸውን አዙረው ወደ ቤተ ክርስቲያን ነዱ። እትዬ ብርቄ ነገሩን ሰምተው ተነሡ። ከሐሙስ ማታ ጀምሮ ምንም ያልቀመሰው ከንፈራቸው ነጭ ሆኖ ተሰነጣጥቆ ነበር። ሜዳው ሲደርሱ ግን ከጋሼ መኰንን ቀድመው በበሩ ገቡ።

አሠልጣኙ ከረጢቱን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ መጣ። ጨካኝ ሰው አልነበረም፤ ይህን ዛሬ ሳስበው ይገባኛል። የማያውቀው ነገር ቀርቦለት ለሌላው ሁሉ ልጅ ደግሞ ኃላፊነት ያለበት ሰው ነበር። ጋሼ መኰንን በጥሩ እንግሊዝኛቸው ገብስ መሆኑን፣ ተቆልቶ መፈጨቱን፣ ተማሪና መንገደኛ የሚሰንቀው መሆኑን አስረዱ። አሠልጣኙ አዳምጦ ሲያበቃ ምግብ ከሆነ የሠራችው ትብላው አለ። ጋሼ መኰንን ይህን ሊተረጉሙ አልደፈሩም፤ ከረጢቱን ለመቀበል እጃቸውን ራሳቸው ዘረጉ። እኔም ልብላው ብዬ ወደ ፊት ስወጣ እትዬ ብርቄ በእጃቸው ጀርባ ወደ ቀሚሳቸው ኋላ መለሱኝ። እንግሊዝኛው ሳይተረጐምላቸው ገብቷቸዋል።

«እርስዎ አይንኩት፣ ጋሽ መኰንን። እርስዎም ጾመኛ ነዎት፣ እኔም ጾመኛ ነኝ። ያልጾመ ይቅመሰው።»

አሠልጣኙ ምን እንዳሉ ጠየቀ። ጋሼ መኰንን እኚህ ሴት ከትናንት በስቲያ ማታ ጀምሮ ምንም እንዳልቀመሱ ነገሩት። ለምን አለ። ስለ ልጃቸው፣ እሱ እንዲበላ የእሱን ጾም እሳቸው ይዘው፣ አሉት። አሠልጣኙ ወደ ዳዊት አየ፤ ዳዊት መሬት መሬት አየ።

በዚህ መካከል እትዬ ብርቄ ከረጢቱን ከጣቱ ላይ ወስደው ዱቄቱን መዳፋቸው ላይ አፍስሰዋል። ከተጫዋቾቹ የውኃ ጠርሙስ ጠብ አደረጉ፤ በሦስት ጣታቸው አሹት፤ ጨበጡት፤ የአውራ ጣታቸው ምልክት የቀረበት ጭብጦ ሆነ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። ክንዳቸው ግን ወደዚያ ሰው አፍ አይደርስም ነበር። አልወረወሩትም፣ በእጁም አላስያዙትም፤ ዘርግተው ጠበቁ። ሜዳው ላይ የሚሟሟቁት ልጆች አንድ በአንድ ቆሙ። ያ ብረት ላይ ቆሞ የሚገፋ፣ በሚዛን አጠገብ የሚቆም፣ በፊሽካው ግዙፎቹን ሁሉ የሚጥልና የሚያነሣ ሰው፣ ጉልበቱን ሰበር አድርጎ ጎንበስ አለ። አፉንም ከፈተ።

ለረጅም ጊዜ አላመጠ። በሶ በአፍ ይዞ ማፏጨት እንደማይቻል የሚያውቅ ያውቃል፤ ከወዲያ ሰዓት ደርሷል ብለው ሲጠሩት ፊሽካውን ወደ ከንፈሩ አንሥቶ መልሶ አወረደው። ሲውጥ ዓይኑ ውኃ አቀረረ። እትዬ ብርቄ የውኃውን ጠርሙስ አቀበሉት። ጠጣና፣ ለዳዊት አንዲት ቃል ብቻ ተናገረ።

«ልበስ።»

እትዬ ብርቄ ወደ ቤተ ክርስቲያን መመለስ ይችሉ ነበር፤ ጋሼ መኰንን የመኪናቸውን ቁልፍ አውጥተዋል። እሳቸው ግን መጥተው ከእኔ አጠገብ፣ ከአጥሩ ሥር ቆሙ። ወንበሩን አልፈለጉም። መጀመሪያ ላይ ፊሽካ በተነፋ ቁጥር ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ቆይተው እንደማንኛውም ሰው ኳሷን መከተል ጀመሩ።

«እስካሁን አልሰጡትም እኮ። ለእሱ መቼ ነው የምትደርሰው?»

«አትደርሰውም፣ እትዬ። የሱ ሥራ ያንን ቀይ የለበሰውን እንዳይነኩት ማድረግ ነው።»

«ታዲያ ይመታል?»

«አይመታም። ይቆማል።»

ይህን ሲሰሙ ቄጠማቸውን ከግንባራቸው ገፋ አድርገው ወደ ሜዳው አዩ። ከዚያ በኋላ አልጠየቁኝም። ያን ሁሉ ጊዜ ከጋሼ መኰንን የተማርሁትን እሳቸው ወዲያው እንዳወቁት ከአስተያየታቸው ታየኝ። ሕዝቡ ወደ ቀኝ ሲዞር ዓይናቸው ከመስመሩ መካከል አይነቃነቅም።

በመከር የዳዊት አባት ስም በጀርባው ላይ ተሰፍቶ አይተናል። ያ ግን የሌላ ወቅት ነገር ስለሆነ እዚህ አላመጣውም።

የዚያን ቅዳሜ የመጨረሻውን ግጥሚያ ግን እንዳለ ይዤዋለሁ። ፀሐዩ ወደ እኛ ዞሮ ነበር። ሁለቱ ረድፎች አጎነበሱ። ፊሽካው ሲነፋ ከወዲያ ሁለት ሰዎች በአንድነት ወደ ዳዊት መጡ፤ አንዱን በደረቱ ተቀበለ፣ ሌላውን በክንዱ ከለከለ። ወደ ኋላ ተገፋ፤ ሣሩ እግሩ ሥር ተገለጠ። ደግሞ ተገፋ። የእትዬ ብርቄ ጣቶች ከእኔ ጣቶች አጠገብ በሽቦው ውስጥ ገብተው ነበር። ከዳዊት ጀርባ ቀይ የለበሰው ልጅ፣ ማንም እንዳልመጣበት፣ ማንም እንደማይመጣበት፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ ሩቅ ያያል። ዳዊት በአንድ ጉልበቱ ወደቀ፤ ሁለቱን ሰዎች ግን ይዞ አልለቀቃቸውም። ኳሷ ከላያቸው አልፋ ሄደች። ሕዝቡ ብድግ አለ፤ ጩኸቱ ከጀርባችን መጣ፤ ሰው ሁሉ ወደ ሜዳው ሌላ ጫፍ ዞረ።

ጋሼ መኰንን አልዞሩም። እትዬ ብርቄ አልዞሩም። እኔም አልዞርሁም። ዳዊት ጉልበቱን እያራገፈ እስኪነሣ ድረስ ሦስታችንም እሱን አየን። ያቺ ኳስ የት እንዳረፈች እስከ ዛሬ አላውቅም።